ጓዳና ጓሮ፦ በሚካኤል ዕለት ጎመን ይኮተኮታል?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚደርሰኝ ደብዳቤ ዓይነቱ ይቀየራል። ሐምሌ ላይ «ጎመኔ በሰበሰ» የሚለው ይበዛል። ጳጉሜን ሲገባ ልጆች ቤት ከርመው ቤቱን ገልብጠውታል፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ መጥቷል፣ የሁሉም ሰው ትዕግሥት አልቋል። ስለዚህ ግማሹ ጥያቄ ስለ ጓሮ፣ ግማሹ ስለ ጓዳ ይሆናል። ዓምዱን ዛሬ ለምትጀምሩ፦ ሱሉልታ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ካቶሊክ ነኝ፤ የተማርኩት ግብርና ነው። ቄስም ሐኪምም አይደለሁም።

«ሰላም እህቴ። ለገጣፎ ነው የምኖረው። እኔና ባለቤቴ ካቶሊክ ነን፣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸውና ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ችግሩ ጓሮው ነው። በሳምንቱ ሥራ ውዬ ስገባ መሽቷል፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከልጆቹ ጋር ጎመን መኮትኮት እወዳለሁ። እሳቸው በሰንበት መሬት አይነካም ይላሉ። በሚካኤልም፣ በማርያምም። ነሐሴ 12 ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ከጎረቤት ትኩስ እበት አምጥተን ከልጄ ጋር መደቡን ኮተኮትን፣ እበቱንም በተንን። በማግስቱ ልጄ ሆዷን አማት፣ አስመለሳት። ‹ይኸው ሚካኤል ቀሰፋት› አሉ። 6 ዓመቷ ነው፤ ሰምታቸዋለች። አሁን ጓሮ አልወጣም ትላለች። ምን ልበላት? ሃይማኖታችንስ ምን ይላል?» — የሁለት ልጆች እናት፣ ለገጣፎ

ከልጅቷ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ስታስተኛት በአጭሩ ንገሪያት። ቅዱስ ሚካኤል ልጆችን ይጠብቃል እንጂ አይመታም። አያትሽ እንዲያ ያሉት ደንግጠው ነው፤ የደነገጡት ስለሚወዱሽ ነው። በቃ። ረጅም ስብከት አታድርጊው። አማትሽንም እሷ ፊት አታርሚያቸው፤ አያቷ ሲዋረዱ ማየት የለባትም። ጠዋት ደግሞ «ጎመኑን ላየው ነው» ብለሽ ውጪ። አትለምኛት። ትከተልሻለች።

የሆዷን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እኔ የምጠረጥረው እበቱን ነው። ትኩስ እበት ልጅ በእጁ በሚነካው መደብ ላይ አይበተንም። ጥግ ላይ ከደረቅ ሣርና ከቅጠል ጋር ይከመር፤ እየተገላበጠ ሦስት አራት ወር ይቆይ። ሽታው ጠፍቶ እጅ ላይ ፍርፍር ሲል ያኔ መደብ ይገባል። በተለይ ጥሬውን ለሚበላ ነገር፣ ለሰላጣና ለካሮት፣ ተጠንቀቂ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ልጅቷ ጓሮ ስትገባ ቦቲ ታድርግ፣ ስትወጣ እጇን በሳሙና ታጠቢያት፣ ጥፍሯ አጭር ይሁን። ቁርጠቱ ከተመላለሰባት ጤና ጣቢያ ወስደሽ ሰገራዋን አስመርምሪ። እርግጥ የልጅ ሆድ ነው፤ ከጎረቤት ልጅም ይዟት ሊሆን ይችላል።

ወደ ሰንበቱ እንምጣ። በእኛ ትምህርት እሁድ መጀመሪያ ቅዳሴ ነው። ከዚያ በኋላ አምልኮን፣ የዕለቱን ደስታና ዕረፍትን ከሚያሰናክል ሥራ መቆጠብ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለቤተሰብ የግድ የሆነ ጉዳይ ሲኖርም ከግምት ያስገባል። ለምሳ ቆስጣ መቁረጥ፣ ከልጆች ጋር አረም መንቀል፣ ውሃ ማጠጣት፣ ለእኔ ይህ ዕረፍት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ለሚውል ሰው እንዲያውም መድኃኒት ነው። መደቡን ሁሉ በዶማ መገልበጥ፣ ድንች ለማውጣት ብሎ ከቅዳሴ መቅረት፣ እሁድ የቀን ሠራተኛ መጥራት ግን ሌላ ነው። የቀን ሠራተኛውም ሰንበት አለው። ይህንን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

የገበሬዎች ጠባቂ የምንለው ቅዱስ ኢሲዶር በ12ኛው መቶ ዓመት ማድሪድ ላይ የሰው መሬት የሚያርስ ድሀ ባለትዳር ነበር። ቅድስናው የታወጀው በ1622 እ.ኤ.አ. ነው። ጠዋት ሳያስቀድስ ሞፈር አይነካም ነበር ይባላል። ባልደረቦቹ «አርፍዶ ይገባል» ብለው ከሰሱት፤ ጌታው ሊያረጋግጥ ሲሄድ መላእክት ሲያርሱለት አገኘ ይላል ትውፊቱ። እኔ ጓሮ እስካሁን ዶማ የያዘ መልአክ አልመጣም። ቅደም ተከተሉን ግን እወደዋለሁ።

ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ማሰብ የአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ከእኛም ሰው ብዙው ያከብረዋል። በእኛ ሕግ ሥራ የሚከለክል ቀን ግን አይደለም። አማትሽም በየወሩ በ12 ቢሮ ስትገቢ «ተይ» አላሉሽም። መሬቱ ነው ለእሳቸው ሌላ ነገር የሆነው። እና የኔ ምክር፦ ቀኑን ስጪያቸው። በ12ና በ21 ዶማው ይረፍ። ጎመን አንድ ቀን ቢቆይ አይሞትም፤ አማት ካኮረፉ ግን ወጥ ቤቱ በሙሉ ይታመማል። እሁድን ግን አትልቀቂ፤ ከልጆችሽ ጋር ያለሽ ሰፊ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ይህንን ደግሞ አንቺ አትንገሪያቸው። ባለቤትሽ ይንገራቸው፤ እናቱ ናቸው። «እማዬ፣ አባን ጠይቀናል፣ ችግር የለውም ብለውናል» ቢላቸው ይበቃል። ታዲያ ቆሞሱን መጀመሪያ በእውነት ጠይቁ። በውሸት አባን አትጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መደብ የእሳቸው ይሁን። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላል። መቼ እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደማይነካ እሳቸው ይወስኑ፣ ልጅቷም ረዳታቸው ትሁን። የቡናውን ጤና አዳም እሷ ቀጥፋ ስታመጣ ስለ ሚካኤል የተባለው ነገር ቀስ እያለ ይረሳል።

«ሱሉልታ ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። ሰኔ ላይ ከልጆቼ ጋር ካሮት ዘራን። የወጣው ሁለት ሦስት እግር ያለው፣ ጣት የማያህል ነገር ነው። ልጆቹ ሳቁበት፣ ከዚያ ጓሮውን እርግፍ አድርገው ተዉት። የ4 እና የ7 ዓመት ናቸው። ምን ብንተክል ይመለሳሉ?» — አባት፣ ሱሉልታ

ወንድሜ፣ ጎረቤት ነን ማለት ነው። አፈርህን አውቀዋለሁ። ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ቦቲ ይነጥቃል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ካሮት ልል አፈር ነው የሚወደው። ሥሩ ጠጣር ነገር ሲያጋጥመው ይከፈላል፣ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ጥፋቱ የዘሩም የአንተም አይደለም።

መደቡን ከፍ አድርገው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር። ዙሪያውን ውሃ የሚወጣበት ቦይ ቆፍር። ስፋቱ ልጅ ዳር ሆኖ መሐሉ ድረስ እጁ የሚደርስለት ይሁን፤ ካልሆነ ወጥቶ ይረግጠዋል፣ የተረገጠ ጥቁር አፈር ደግሞ ጡብ ነው። ጥቂት አሸዋ ግዛና ጨምር የሚሉህን አትስማ፤ በትንሽ አሸዋ ይህ አፈር አይለወጥም። ብርህን ለብስባሽ አውለው። ሱሉልታ ውስጥ እበት አይጠፋም፤ ለለገጣፎዋ እህት ያልኩትን ግን አንብብ።

ለልጆቹ ባቄላ ስጣቸው። የ4 ዓመት ልጅ ጣት የካሮት ዘር አይይዝም፤ ባቄላ ግን በደንብ ይይዛል። ማታ ይነከር፣ ጠዋት ይተከል። ጥቂቱን እርጥብ ጥጥ ላይ አድርገህ ብርጭቆ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀምጥ፤ ሥሩ ሲወጣ ያዩታል። መሬት ውስጥ ያለው በእኛ ብርድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ብርጭቆው ትዕግሥት ይሰጣቸዋል። ለትልቁ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት። ጥርሱን ፈልፍሎ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መትከል ነው፤ መስከረም ዝናቡ ሲቀንስ ጊዜው ነው። ቆስጣና ጎመንም ጨምሩ። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አሁን አትጀምር። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ስትነሣ ቅጠሉ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ግን ይችሉታል።

ልጆች ጓሮ ውስጥ የሚቆዩት የእውነት ሥራ ሲሰጣቸው ነው። «እስቲ ውሃ አጠጣ» ተብሎ ከኋላው ደግሞ አባት የሚያጠጣ ከሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። መሐለኛዋ ልጄ የክሽክሽ ኃላፊ ናት። በጋ ላይ የጎመኑ ቅጠል ጠርዙ ሲጠቀለል ገልብጣ ታየዋለች። ከሥሩ ግራጫ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አላት። ሳሙና በተበጠበጠበት ቆርቆሮ ነክራ ከደም ሥሩ ጀምራ ወደ ጠርዝ ትጠርገዋለች፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቀዋለች። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ካገኘች አንሥታ ሌላ ክሽክሽ ያለበት ቅጠል ላይ ታስቀምጣታለች፤ ትበላላታለቻ። እኔ ጣልቃ አልገባም። ገብቼ «እማዬ፣ ይሄ የኔ ነው» ተብያለሁ።

አባ ቤት ሊባርኩ ሲመጡ ጓሮውም ጠበል ይድረሰው። ልጆቹ እየመሩ መደብ በመደብ ያሳዩዋቸው።

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነን። ባለቤቴ ማታ ማታ መቁጠሪያውን ሙሉ ካልደገምን ይላል። እሱ ከሥራ ሲገባ ምሽት 2 ሰዓት ሆኗል። ልጆቹ 3 እና 5 ዓመታቸው ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ዶቃውን ይበጥሳል፣ እኔ መጮህ እጀምራለሁ። ይህ ጸሎት ነው? በረንዳችን ላይስ የሚበቅል ነገር አለ?» — እናት፣ ኮዬ ፈጬ

ይህንን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ የመቁጠሪያው አምስቱም ምሥጢር፣ ማለትም የጌታና የእመቤታችን ሕይወት የሚታሰብባቸው አምስቱ ክፍሎች፣ ለአዋቂ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳሉ። ለ3 ዓመት ልጅ ይህ ዘመን ነው። ከልጆቹ ጋር አንዱን ምሥጢር ብቻ ድገሙ፤ የቀሩትን አራቱን ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ ጨርሱ። አንተ እስክትገባም አይጠበቅ። እናታቸው 1 ሰዓት ላይ ከእራት በፊት ታድርግላቸውና አንተ የራስህን ከእሷ ጋር። የመቁጠሪያው ወር ኦክቶበር በእኛ መስከረም መጨረሻ ላይ ስለሚገባ ከወዲሁ ልመዱት። ዶቃውን ለሚበጥሰው በወፍራም ክር ላይ ቋጠሮ ሥሩለት፤ አይበጠስም።

ሐሙስን በተለይ ሞክሩ። የብርሃን ምሥጢራት ቀን ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 እ.ኤ.አ. የጨመሯቸው። ሁለተኛው የቃና ሰርግ ነው። ልጆች ሰርግ ይገባቸዋል። ትንሹ ልጄ ስድስቱ ጋን ስንት ጄሪካን ውሃ እንደሚይዝ ጠይቆኝ ጸሎቱ እዚያው ላይ ቆመ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይጠይቃል?

በረንዳው ላይ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ሮዝመሪና ሰላጣ ይሆናል። ጄሪካን በወርዱ ቁረጪ፣ ታቹን ብሱት፣ ከሥሩ ሳህን አድርጊ። ሳህኑን አትርሺ፤ ከታች ያለችው ጎረቤት ልብስ አስጥታለች።

«ሰፈር ያሉ የኦርቶዶክስ ልጆች ፍልሰታን ጾሙ። የ7 ዓመት ልጄ እኔስ ብላ አለቀሰች። ምን ላድርግ?» — እናት፣ ሰበታ

ፍልሰታ የእኛም ነው። በዚህ ዕድሜ ግን ግዴታ የለባትም። ከፈለገች አትከልክያት፤ ቁርሷን ጥቂት ታቆየው፣ ወይ ወተቱን ትተወው። የተወችውንም ለማን እንደምትሰጠው ራሷ ትምረጥ። ጎረቤት ፊት «የእኔ ልጅ ጾመች» እያልሽ ግን አታስወሪላት። ያን ጊዜ ጾሙ ያንቺ ይሆናል።

የቡራዩ አባት፣ አጥር ሥር በራሱ የበቀለውን ችግኝ ፎቶ ልከው «ልንቀለው?» ብለውኛል። ጌሾ ነው። አይንቀሉት። እርስዎ ጠላ ባይጠምቁም ጎረቤት ለዓመት በዓል መጠየቁ አይቀርም።