የአረፋ ሬንጁ ናሙና ውሃ ሲነካው ለምን ይፈርሳል?

የጻፈልን ወጣት ድሬዳዋ ላይ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው። አሮጌው አስፋልት ተፍቆ በአረፋ ሬንጅ፣ ማለትም ጥቂት ውሃ ገብቶበት በተነፋ ትኩስ ሬንጅ፣ እንደገና በሚሠራበት መንገድ ላይ ይሠራል። ናሙናው ደረቅ ሆኖ ሲሰነጠቅ 310 ኪሎፓስካል ይይዛል፤ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ከዋለ ግን 90 ላይ ይለቃል። የሚፈለገው ቢያንስ 100 ነው። «1 ከመቶ ሲሚንቶ አለበት፤ አለቃዬ ወደ 2 አሳድገው ይላል። ልጨምር?»

ቆይ እስቲ አቦ! ሲሚንቶው ሲበዛ ቁጥሩ ያምራል፣ መንገዱ ግን ይገተርና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ያው የፈራኸው ውሃ ይገባል። መጀመሪያ አረፋውን እይ።

500 ግራም ሬንጅ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ አስረጭ። ርጭቱ እንደቆመ ከፍታውን በመለኪያው ዘንግ አንብብ፣ ሰዓትም ያዝ። ሬንጁ ቢያንስ 8 እጥፍ መነፋት አለበት። ወደ ግማሹ እስኪወርድም ቢያንስ 6 ሰከንድ ይቆይ። ቶሎ ከወረደ ደቃቁን፣ ማለትም በጠጠሩ መሃል ያለውን ዱቄት፣ ሳያገኘው ይረጋል።

ችግሩ፣ ሁለቱ አይስማሙም። ውሃ ስትጨምር አረፋው ይነፋል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ስለዚህ በ160፣ በ170 እና በ180 ዲግሪ ሞክረው፤ ውሃውንም ከሬንጁ ክብደት ከ2 እስከ 3 ከመቶ እያለዋወጥክ። በምንም ካልነፋ ሬንጁን ጠርጥር። ሲሊኮን ያለው ፀረ አረፋ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

አረፋው ደህና ከሆነ የተሰበረውን ናሙና ውስጡን እየው። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ እሱን አምናለሁ። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች በየቦታው ተበትነው ካየህ ሬንጁ ሥራውን ሠርቷል። እንደ ክር የተጎተተ ወይም የተድበለበለ ከሆነ ግን ደቃቅ አንሷል። አረፋ ሬንጅ ትልልቁን ጠጠር አይለብስም፤ ደቃቁን ይዞ ጠጠሩን እንደ ብየዳ ነጥብ በነጥብ ያያይዛል። በ0.075 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፈው ከ5 ከመቶ ካነሰ የክሬሸር ዱቄት ጨምርበት። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ እናምጣ የሚልህ አይጠፋም፤ ወንፊት ላይ ሳታየው እሺ አትበል። ደቃቁ ሸክላማ ሆኖ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (ሲረጥብ እንደ ጭቃ የመለመጥ ልኩ) ከ10 ካለፈ ደግሞ በሲሚንቶው ፈንታ ኖራ ይሻልሃል።

የድሬ ፀሐይስ? ለአረፋው ወዳጅ ናት፤ ቀዝቃዛ ጠጠር አረፋ ይገድላልና። እርጥበቱን ግን ትሰርቅሃለች። ደቃቁ ደርቆ ከተጓጎለ ሬንጁ አይዳረስም። ጠዋት የለካኸውን እርጥበት ለቀትር አትመን፤ ልትደባልቅ ስትል እንደገና ለካው፣ የጎደለውን ውሃ ሙላና አረፋውን ልቀቅ።