ኮሮነር ለመሆን ሕክምና ልማር?

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ራሳቸውን አጥፍተዋል ተብለው የሚጠረጠሩ ሰዎችን አሟሟት የሚያጣራ ኮሮነር መሆን እፈልጋለሁ። ሕክምና ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ብለሽስ ሕክምና አትግቢ። በእንግሊዝና በዌልስ ኮሮነር ማለት ዳኛ ነው። ድሮ ሐኪሞችም ይሾሙ ነበር። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አዲስ ተሿሚ ቢያንስ 5 ዓመት የቆየ የሕግ ባለሙያ መሆን አለበት። አስከሬን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም ነው።

ኮሮነሩ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሞተ ያጣራል። ጥፋተኛ መፈለግ ሥራው አይደለም። ራሱን አጥፍቷል ለማለት ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት፦ ድርጊቱን የፈጸመው ራሱ ሟቹ መሆኑና የፈጸመውም ለመሞት አስቦ መሆኑ። ጣጣው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የሰው ሐሳብ በላቦራቶሪ አይታይማ! ስለዚህ የሕክምና ማኅደሩ፣ የስልክ መልእክቱ፣ የቤተሰቡና የጓደኞቹ ቃል አንድ በአንድ ይታያል። ድሮ ማስረጃው እንደ ወንጀል ክስ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መሆን ነበረበት። በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የማስረጃው ሚዛን ራሱን አጥፍቷል ወደሚለው ካደላ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ማስረጃው ካላደላ ውሳኔው «ክፍት» ሊሆን ይችላል፤ ማለትም እንዴት እንደሞተ አልተረጋገጠም ይባላል።

ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርብሽ የኮሮነር ኦፊሰርነት ይመስለኛል። ለቤተሰብ የሚደውለው፣ የምስክር ቃልና የሐኪም ሪፖርት የሚያሰባስበው እሱ ነው። ለዚህ የሕግ ዲግሪ የግድ አይደለም። ክፍት ቦታውን በፖሊስና በአካባቢ ምክር ቤቶች የቅጥር ማስታወቂያ ላይ ፈልጊ።

አማርኛሽም ዋጋ አለው። የእኛ ሰው ነውሩን ይፈራል። ፍትሐት እንዳይከለከል የሚሰጋ ቤተሰብ «ድንገት ነው የሞተው» ብሎ ዝም ይላል። የኮሮነሩ ችሎት ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ ረጋ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ሲያገኙ ግን ይናገራሉ።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቀን ችሎት ሂጂ። መግቢያው ነጻ ነው። ከኋላ ተቀመጪና ቤተሰቡ ቃሉን ሲሰጥ ስሚ። እቤት ስትገቢ እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደሽም ጻፊልኝ፤ ከዚያ ስለ ማመልከቻው እንነጋገራለን። በቅርቡ በቤትሽ እንዲህ ያለ ሐዘን ደርሶ ከሆነ ግን ችሎቱ ይቆይ። መጀመሪያ ሐዘንሽን ከሚያዳምጥሽ ሰው ጋር ተነጋገሪ።