መልስ፦ የ13 ዓመት ልጄ ታናናሾቹን ይደበድባል፤ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ላስነሳው?

እህቴ፣ ለዚህ ብቻ ብለሽ አታስነሺው። አንጎል ውስጥ ያለችው፣ ለውዝ የምታህለው የቁጣና የፍርሃት ማንቂያ፣ አሚግዳላ፣ በኃይለኛ ልጆች ላይ የመጠን ልዩነት እንዳላት የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን ያ የብዙ ልጆች አማካይ ነው፤ የአንድን ልጅ ምስል አይቶ «የሚማታው በዚህ ነው» ሊል የሚችል ሐኪም የለም። ስሜትን የሚገታው የአንጎል የግንባር ክፍልም እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና ይበስላል።

ምርመራው የሚያስፈልገው ፀባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ከጀመረው፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ራስ ምታትና ትውከት ካለው ነው።

አሁን ደብተር ያዢ፣ ሁለት ሳምንት። ሰዓቱን፣ ከጠቡ በፊት የሆነውን፣ ያደረገውን፣ አንቺም ያደረግሽውን ጻፊ። «11፡30፤ ከትምህርት ቤት ገባ፤ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተመልሷል፤ ታናሹ ስልኩን ወሰደበት።» እንዲህ ያለ መስመር ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው።

እንቅልፉንም ቁጠሪ፤ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከኮዬ ፈቼ መሀል ከተማ ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት መተኛት አለበት።

ከዚያ ደብተሩን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ወደ ልጆች አእምሮ ሐኪም ሪፈር ጠይቂ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ከሆነ፣ ቁጡ የሚያደርገው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ንገሪ እንጂ በራስሽ አታቋርጪው፤ በድንገት ሲቆም ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል።