ሦስት ዋጋ ለአንድ ጣሪያ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፣ ሄርማታ አካባቢ። አሮጌ ሃይስ ገዝቼ ወንበሩን አውጥቼ አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና ቁም ሳጥን ገጥሜበታለሁ። የጫካ ቡና ማየት የሚፈልጉ እንግዶች ይዤ ወደ አጋሮና ጌራ እወጣለሁ፣ ማታ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው የሚታደረው። ችግሬ ጣሪያው ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያፈሳል፣ ፍራሹ ሁለት ጊዜ ሻግቶብኛል። ሦስት ባለሙያ አሳየሁ። አንዱ 6,000 ብር አለኝ፣ ሁለተኛው 18,000፣ ሦስተኛው 42,000። አሜሪካ ያለው የእህቴ ባል ደግሞ የራሱን አርቪ (እንደ ቤት የሚታደርበት መኪና) ጣሪያ ለማሳሸግ 1,400 ዶላር ከፍያለሁ ይላል። የቱን ልመን?
ፍራሽ የሻገተበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የአሜሪካውን ሂሳብ ተወው። የእህትህ ባል አላጋነነም። እዚያ የአርቪ ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ሥራ ከመቶ ዶላር በላይ ማስከፈሉ የተለመደ ነው፣ ጣሪያ ማሸግ ደግሞ ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከጥቂት መቶ ዶላር ተነስቶ ከሺህ ቢያልፍ አይገርምም። ግን የእሱ ጣሪያና ያንተ ጣሪያ አንድ አይደሉም። የአርቪ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ በስስ ጣውላ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ ነው፣ ኢፒዲኤም ወይም ቲፒኦ የሚሉት፤ ፋይበርግላስም አለ። ላዩ ላይ ኤሲ፣ የአየር ማስወጫ፣ አንቴና፣ የሽንት ቤቱ ቧንቧ መተንፈሻ ተቀምጧል። ለእያንዳንዱ ጣሪያው ተበስቷል፣ የእያንዳንዱ ዙሪያ ይታሸጋል። ውሃ ከገባ ከሥር ያለው ጣውላ ይበሰብስና ጣሪያው በሙሉ ይነሳል፣ ያኔ ሂሳቡ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ሰዎቹ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ መሰላል አቁመው ጣሪያቸውን የሚያዩት ወደው አይደለም።

ያንተ ሃይስ ላሜራ ነው። ላሜራ ይዝጋል እንጂ አይበሰብስም፣ ዝገት ደግሞ ትንሽ ጊዜ ይሰጥሃል። ስለዚህ ዶላሩን በምንዛሪ አባዝተህ «ኧረ የእኛዎቹስ ርካሽ ናቸው» ብለህ ወደ 42,000ው እንዳትሮጥ።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች። ዋጋቸው ለምን ተራራቀ? እኔ እንደሚመስለኝ ሦስቱ የተነጋገሩት ስለ ሦስት የተለያየ ሥራ ነው። ባለ 6,000ው ሲሊኮን ይዞ ይወጣና አሮጌው ላይ አዲስ ቀብቶ ይወርዳል። ባለ 18,000ው አሮጌውን ፍቆ፣ ዝገቱን አጽድቶ፣ አንቲ ራስት ቀብቶ ያሽጋል፤ ቢያንስ እንደዚያ ብሎ ከሆነ። ባለ 42,000ው የውስጡን ልባስ አውርዶ፣ የተበላውን ላሜራ ቆርጦና በይዶ፣ ጣሪያውን ሙሉ ቀለም ሊቀባልህ አስቦ ይሆናል። ሄደህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃቸው፦ «የድሮውን ማሸጊያ ታነሳዋለህ ወይስ ላዩ ላይ ነው የምትሠራው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ዋጋው 6,000ም ይሁን 42,000 ውድ ነው።

ምክንያቱም ገንዘቡን የሚበላው ማሸጊያው አይደለም። ፍቂያው ነው። አስላው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ 6 ሚሊ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየተጨመቀ ቢሄድ 8 ሜትር ያህል ያሽጋል። ያንተ መኪና ሁለቱም ጎን ያለው የውሃ ቦይ፣ የፊትና የኋላ መጋጠሚያው፣ የፖርቶ መጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ቡሎኖች ተደምረው ሁለት ቱቦ ይጨርሳሉ፣ ቢበዛ ሦስት ወይም አራት። የቱቦውን ዋጋ መርካቶ ወርደህ ጠይቅና አባዛው፤ የቀረው የእጅ ዋጋ ነው። አሮጌ ሲሊኮን ከቦይ ውስጥ በስለት እየፋቁ ማውጣት አድካሚ ነው፣ ጀርባ ይሰብራል፣ ቀን ይፈጃል። ለዚያ የሚጠየቅ ብር አይቆጭም።

ለምን ላዩ ላይ አይቀባም ካልክ፣ የደረቀ ሲሊኮን ላይ ምንም ነገር አይዝም። ቀለም አይዝም፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በደንብ አይዝም። ሲጨርሱት ያምራል፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደ ማስቲካ ተልጦ ይነሳል። ደግሞ ሱቅ ላይ ርካሹ ሲሊኮን ሲከፈት ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል፤ ያ አሲድ ነው፣ ላሜራውን ራሱ ያዝገዋል። ለመስታወትና ለመታጠቢያ ቤት ይሁን፣ ለመኪና ጣሪያ አታስነካው። የምትፈልገው ፖሊዩሪቴን የሚባለውን የመኪና ቦዲ ማሸጊያ ነው፣ ብዙ ሰው በአንዱ ብራንድ ስም ሲካ እያለ የሚጠራው። እሱም አንድ ድክመት አለው፣ ፀሐይ አይወድም። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቀለም ካልተቀባ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ዋጋው ውስጥ ቀለም አለበት ወይ ብለህ ጠይቅ።

ሬንጅ የሚልህ ሰው ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አሮጌ ፒክአፕ ነበረኝ፣ የሰፈር ሰው ምክር ሰምቼ የጋቢናውን ጣሪያ ስፌት በሬንጅ ለበጥኩት። ክረምቱን በሰላም አለፍኩ፣ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ሬንጁ ቀልጦ በበሩ በኩል ወረደ፣ የባለቤቴን ነጭ ነጠላ አበላሸ፣ እስከ ዛሬ ይነሳብኛል። እሱን አስፍቆ ለማስነሳት የከፈልኩት መጀመሪያውኑ በደንብ ባሠራው ከምከፍለው በላይ ነበር።

ለማንም ከመክፈልህ በፊት ግን ውሃው በየት እንደሚገባ እወቅ። የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ውሃ ከፊት ገብቶ በጣሪያው ብረት ሥር ተንሸራትቶ ሄዶ አልጋህ ላይ ሊወርድ ይችላል። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ አንተ በጎማ ቧንቧ ውሃ ልቀቅ። ከታች ጀምር፣ መጀመሪያ መስኮቱ ዙሪያ፣ ቀጥሎ ቦዩ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። አንዱ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይ፣ አትቸኩል። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ያረጥበውና ምንም ሳታውቅ ትወርዳለህ። የእኔ ግምት ፖርቶ መጋላው ነው። ጭነት ሲነቀንቀው ቡሎኑ ይላላል፣ ጎማ ሮንዴላው ይደርቃል። እሱ ብቻ ከሆነ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ሮንዴላ ቀይሮ፣ ሥሩን አሽጎ መልሶ ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለዚያ 18,000 ራሱ ይበዛል። የፊት መስታወቱ ጎሚኒ ከሆነ ደግሞ ጣሪያውን ብታሽግ ባታሽግ ለውጥ የለውም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጅማ ውስጥ «ዝናብ ሲያቆም አሠራለሁ» ብሎ ነገር አስቸጋሪ ነው፣ እናንተ ጋ ዝናቡ መቼ ያቆማል? ሻል የሚለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ እስከዚያ መጠበቅ ከቻልክ ጠብቅ። ካልቻልክ ጣሪያ ያለው ጋራዥ ፈልግና መኪናውን ሁለት ቀን ቀድመህ አስገባው፣ ስፌቱ ውስጥ ያለው ውሃ ይድረቅ። ፖሊዩሪቴን የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ስለሆነ የጅማ አየር እንዲያውም ይስማማዋል፤ የሚቀባበት ላሜራ ግን ደረቅ መሆን አለበት። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጠነክረው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። «ማታ ና ውሰድ» ካሉህ አትውሰድ።

ክፍያውን ከፋፍለው። ለዕቃ ቀብድ ስጥ፣ ወይም ዕቃውን ራስህ ግዛ፣ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ፍቂያው ሲያልቅ፣ ማሸጊያ ከመነካቱ በፊት፣ ሄደህ ባዶውን ላሜራ በዓይንህ እይ፤ መሄድ ካልቻልክ በስልክ ፎቶ ይላክልህ። ያኔ ጣት የሚያስገባ የተበላ ቦታ ከታየ ብየዳ ያስፈልጋል፣ ባለ 42,000ውም ልክ ሊሆን ይችላል። ላሜራው ጤነኛ ከሆነ 18,000ውን ይዘህ ተከራከር፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ትንሽ ይወርድልሃል። የመጨረሻውን ክፍያ የምትሰጠው ያንኑ የቧንቧ ፍተሻ ደግመህ ውስጡ ደረቅ መሆኑን ካየህ በኋላ እንጂ «ችግር ካለ ትመጣለህ» ተብለህ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔ መኪና የለኝም፣ ያለኝ ቤት ነው። እዚሁ ጅማ ነኝ። የቤቴ ቆርቆሮ በሚስማሮቹ ቀዳዳ ያፈሳል። ልጄ ሙሉው ይቀየር ይላል። ለጡረተኛ ይህ ቀላል ነው?
እማማ ነኝ

መልስ፦ እማማ፣ አይቀየርም። ቆርቆሮው ራሱ ካልተበላ አሮጌውን ኮፍያ ሚስማር አስነቅለው ከበፊቱ ወፈርና ረዘም ያለ፣ ላስቲክ ያለው ያስመቱ። ሚስማሩ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ፣ ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳው ላይ አይደለም፤ ምናልባት የመጀመሪያው አናጢ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እንጨቱ በስብሶ ሚስማር የማይዝ ከሆነ ያንን አንዱን እንጨት ብቻ ያስቀይሩ። ልጅዎ ወጣ ብሎ ራሱ ይይና ከዚያ ይናገር።

ጥያቄ፦ እኔም መኪና ውስጥ አድራለሁ፣ የጭነት ሹፌር ነኝ፣ ከጅማ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ስነሳ ጣሪያው ከውስጥ ረጥቦ አገኘዋለሁ። ይታሸግልኝ?

መልስ፦ ብርህን አታውጣ። የራስህ ትንፋሽ ነው። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽህ ነክቶት ውሃ ይሆናል፤ ውስጥ ሻይ ካፈላህማ ይብሳል። ሁለቱን መስኮት ጣት በምታህል ክፍተት ከፍተህ እደር። ከሦስት ቀን በኋላም ከረጠበ፣ ያኔ ቧንቧውን ይዘህ ከታች ጀምር።