መብራት ሲጠፋ የሚነገር ቀልድ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ 40 ያህል ሠራተኛ ባለው ድርጅት በሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ምሳ ሰዓትም ሆነ በቴሌግራም ግሩፓችን ቀልድ አይጠፋም። ግራ የገባኝ ነገር አለ። በኦሮሞ፣ በአማራ ወይም በትግሬ ላይ ቀልድ የሚጀምር የለም፤ አፉን ቢከፍት እንኳ አጠገቡ ያለው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። ስለ ጉራጌና ስለ ሳንቲም ሲነሳ ግን ጉራጌዎቹ ራሳቸው ይጨምሩበታል። ከጋምቤላ የመጣ አንድ ባልደረባም አለን፤ መብራት በጠፋ ቁጥር «እስቲ ፈገግ በል፣ የት እንዳለህ እንይ» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ለአንዱ ስንጠነቀቅ በሌላው የምንዝናናው ለምንድን ነው? አለቃዬ «እሱ እየሳቀ አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ይለኛል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

የክርኗን ጉሸማ ልብ ማለትዎ ግማሹን መልስ ይዟል። ሰው የሚመዝነው ቀልዱ ምን ያህል እንደሚያም ሳይሆን ተናጋሪውን ምን እንደሚያስከፍለው ነው። በጠቀሷቸው ሦስት ብሔሮች ላይ የተወረወረ ቀልድ ሳያድር ፖለቲካ ይሆናል፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ከጀርባው ደግሞ ፓርቲና ሚዲያ አለ። ስለዚህ ያ ዝምታ ፍርሃት እንጂ አክብሮት አይደለም። ከ40 ሰው መካከል ብቻውን የሆነውን የጋምቤላ ልጅ ማን ይፈራዋል?

የጉራጌው ቀልድ ሙገሳ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ «ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ገንዘብ ያውቅበታል» ይባላል። ባለቤቱ ሲያወራው ብዙውን ጊዜ ብልጡ ጉራጌው ነው፤ የሚሸወደው ሌላው ነው። ያንኑ ቀልድ ሌላ ሰው ሲያወራው ብልጠቱ ይወድቅና ስስቱ ብቻ ይቀራል። «እነሱም ያወሩታል» ማለት ፈቃድ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የጋምቤላው ግን የቆየ ቁስል ይነካል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ አብረውን ይሠራሉ። አዋጁ ገበያውን ዘጋ እንጂ አፋችንን አልዘጋም። ጠቆር ያለውን ወዳጅ «ባሪያው» ብሎ ማቆላመጥ ዛሬም እንደ ፍቅር ይቆጠራል። ቀልደኛውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ባልደረባው አኙዋ ነው? ኑዌር? መዠንግር? ኦፖ? ኮሞ? ላያውቅ ይችላል። ያንን ቀልድ ለማውራት ሰውየውን ማወቅ አያስፈልግማ።

በሳቁ አይታለሉ። ቢቆጣ «ቀልድ አያውቅም»፣ ዝም ቢል «ኮራ» ይባላል፤ ለብቸኛ ሰው ርካሹ መውጫ መሳቅ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። አንድን ቀልድ ሲጠራጠሩ የብሔሩን ስም አውጥተው ሊጠሩት በሚፈሩት ብሔር ስም ይተኩት። ልብዎ ድንግጥ ካለ ቀልዱን ያስቻለው የተቀለደበት ሰው አቅም ማነስ ነበር ማለት ነው። ቀልዱ ሲነገር በቦታው ከሆኑ ረጅም ምክር አያስፈልግም፤ በረጋ ድምፅ «አልገባኝም፣ የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?» ይበሉና ይጠብቁ። ቀልድ ሲብራራ ይሞታል፤ «ጥቁር ስለሆነ» ብሎ መጨረስ ለተናጋሪውም ያሳፍራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። ልጁን በሰው ፊት «ቅር አለህ እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። ምን ይበል? «ኧረ ምንም» ይላል፤ ይቺው ቃል ለሚቀጥለው ወር ቀልድ ማስረጃ ትሆናለች። በዚያው ቀን ለብቻው አግኝተው «የተባለውን ሰምቻለሁ፣ እኔ እናገራለሁ፣ ያንተ ስም አይነሳም» ይበሉት፤ አትናገሪ ካለ ይተዉት። ቀልደኛውንም ቡና ላይ ለብቻው ያናግሩት። «ዘረኛ ነህ» ካሉት ወሬው ስለ እሱ ጥሩነት ይሆናል፤ ከጋምቤላ ስላሉት ጓደኞቹ ሲተርክ ሰዓቱ ያልቃል። የተናገራትን አረፍተ ነገር ብቻ ይዘው ይቆዩ።

ቴሌግራሙ ላይ መልእክቱን ያጥፉና ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። ደንብ ካወጣችሁ የብሔር ስም አትዘርዝሩ። ትልልቆቹ ይገቡና ትንንሾቹ ይረሳሉ፤ ያልተጠቀሰውም እንደተፈቀደ ይቆጠራል።

ሕግ ይጥቀሱ ከተባሉ፣ የጥላቻ ንግግር አዋጁን (ቁጥር 1185/2012) ለዚህ አይምዘዙት። እሱ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ለሚያራምድ ንግግር የወጣ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚያ ያስፈራሩት ሰው ቀልዱን አይተውም፤ እርስዎ ሲወጡ ጠብቆ ያወራዋል። ለአለቃዎ የሚቀርበው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ቀልዱ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ሳለ አዋጁ ሩቅ ይመስላል፤ ፈረቃ ሲደለደል «እሱ ጠንካራ ነው፣ ጭነቱን ይችለዋል» ከተባለ ግን ቅርብ ነው። ነገ ጠዋት የፈረቃ ዝርዝሩን ያውጡና ልጁ ላለፉት 3 ወራት የት የት እንደተመደበ፣ ስሙም በመታወቂያው እንዳለው መጻፉን ይዩ። በቅጽል ስም ተጽፎ ካገኙት፣ አለቃዎ ጋ ይዘውት የሚገቡት ወረቀት እሱ ነው።