ልጅን በመንደር ክሪኬት ክለብ ስለ ማስመዝገብ፦ ለእኅታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። የ11 ዓመት ልጅዎ የአካባቢያችሁን ክሪኬት ክለብ የመመዝገቢያ ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዞ እንደመጣ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ግን ስለ ጨዋታው ምንም እንደማታውቁ ጽፈዋል። ኳሱ አደገኛ እንደሆነ፣ ወጪው እንደሚከብድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ በእንግሊዝ መንደር ክለብ ውስጥ ባይተዋር ሆኖ ይቀር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በደቡብ እንግሊዝ በሚገኝ አንድ ትንሽ ክለብ ለብዙ ዓመታት በአባልነት ቆይቻለሁ፤ ልጆቼም ያደጉት በዚያው ሜዳ ላይ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ይላኩት፤ ነገር ግን በር ላይ አድርሰውት አይመለሱ፤ እርስዎም አብረውት ይቆዩ።

ጨዋታው ከሩቅ ሲያዩት እንደሚመስለው የተወሳሰበ አይደለም። 11 ሰዎች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ተራ በተራ ይመታሉ። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያህል በሚርቁ ሁለት ጫፎች ላይ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል፤ ወርዋሪው እንጨቶቹን በኳስ ለመጣል ይጥራል፣ መቺው ደግሞ ባት በሚባል ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይከላከላል፤ አርቆ ሲመታም ወደ ሌላኛው ጫፍ እየሮጠ ነጥብ ያስቆጥራል። ኳሱ እየተንከባለለ የሜዳውን ዳር ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6 ነጥብ ይሆናል። ከአንድ ጫፍ የሚወረወሩ ስድስት ኳሶች አንድ ኦቨር ይባላሉ። እንጨቶቹ የወደቁበት ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ የተያዘበት መቺ ይወጣል። የቀረውን ልጅዎ ራሱ በአንድ ወር ውስጥ ያስረዳዎታል።

ወቅቱ ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ የሊግ ውድድር፣ እሑድ ደግሞ የወዳጅነት ግጥሚያ ይደረጋል። የአዋቂዎች ግጥሚያ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ እስከ ምሽት 1 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቀኑ ሙሉ በሙሉ የክለቡ እንደሚሆን ከወዲሁ ቢያውቁት ይሻላል። የልጆቹ ግን አጭር ነው፤ ልምምዳቸው በብዙ ክለቦች ዓርብ ምሽት ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የክለቡን ጠባይ ለማወቅ ከፈለጉ የእሑዱን ግጥሚያ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይመልከቱ። በአንድ ቡድን ውስጥ የ14 ዓመት ልጅና የ70 ዓመት ሽማግሌ፣ ሐኪምና የጭነት መኪና ሹፌር አብረው ይሰለፋሉ፤ ሁሉም የዕረፍት ቀኑን ሰጥቶ መጥቷልና ሁሉም ድርሻ ማግኘት አለበት። በዚህ ምክንያት የአምበሉ ሥራ ማሸነፍ ብቻ አይደለም። ጥሩ አምበል የተጋጣሚው መቺዎች በላይ በላዩ ከጨዋታ ሲወጡ ካየ ፈጣን ወርዋሪውን ያሳርፍና ኳሱን ለጀማሪ ይሰጣል፤ የራሱ መቺ 50 ነጥብ ሲሞላም ተራውን ለሌላ እንዲለቅ ይጠይቀዋል፤ እንግዳው ቡድን ሰው ከጎደለው ደግሞ ከራሱ ተጫዋቾች አንዱን ያበድረዋል። ይህን እንደ መለሳለስ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን ከሊግ አምበልነት የበለጠ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ግጥሚያውን እስከ መጨረሻው ኦቨር ድረስ ሳይለይለት ማቆየት የሁለቱንም ቡድኖች አቅም ከሰዓት ሰዓት ማንበብን ይፈልጋል። ልጅዎን የሚያስገቡበት ክለብ እንዲህ ያለ አምበል ካለው ብዙ አይጨነቁ።

የዳኝነቱ ነገር ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። በወዳጅነት ግጥሚያና በዝቅተኛዎቹ የሊግ ደረጃዎች ብዙ ጊዜ የተመደበ ዳኛ አይኖርም። ነጩን ካፖርት የሚለብሱት የመምታት ተራቸውን የሚጠብቁ የዚያው የሚመታው ቡድን አባላት ናቸው፤ ስድስት ጠጠር ወይም ሳንቲም በእጃቸው ይዘው፣ በየኳሱ አንዱን ወደ ሌላው ኪሳቸው እያዛወሩ ኦቨሩን ይቆጥራሉ። ኳሱ የመቺውን እግር ሲመታ፣ እግሩ ባይከልለው ኖሮ እንጨቶቹን ይመታ ነበር ወይ የሚለውን ዳኛው ባለበት ቆሞ ወዲያው መወሰን አለበት፤ ይመታ ነበር ብሎ ካመነ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ የገዛ ጓደኛውን ያስወጣል። እኔም ትልቁን ልጄን እንዲህ አስወጥቼው አውቃለሁ። ባቱን በብብቱ ሥር ይዞ አንድም ቃል ሳይናገር ከሜዳ ወጣ፤ በሻይ ሰዓትም አጠገቤ ተቀመጠ። የክሪኬትን ሕግ የሚጠብቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1787 የተመሠረተው የሜሪልቦን ክሪኬት ክለብ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሕግ መግቢያ ላይ ስለ ጨዋታው መንፈስ የሚናገር ክፍል አክሎ፣ የዳኛን ውሳኔ መቀበልንና ተጋጣሚን ማክበርን በጽሑፍ አስፍሯል። በመንደር ክለብ ውስጥ ይህ የሚሠራው ዛሬ ዳኛ የሆነው ሰው ነገ መቺ፣ ዛሬ የተከፋውም ነገ ዳኛ ስለሚሆን ነው።

አብረውት ይቆዩ ያልኩበትን ምክንያት ልንገርዎ። ክለቡ የሚኖረው እንደ ዕድራችን ነው፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ስብሰባ ይደረጋል፣ ሥራው ሁሉ ደግሞ ያለ ክፍያ በአባላት ትከሻ ላይ ያርፋል። በሜዳው መካከል ያለው ኳስ የሚነጥርበት ሣር እንደ ሌላው ሣር አይደለም፤ ውድድሩ ሲያበቃ ይቧጨራል፣ ዘር ይዘራበታል፣ የሸክላ አፈር ይበተንበታል፤ በጸደይ በከባድ ሮለር ደጋግሞ ይዳመጣል፤ ከግጥሚያው በፊት እስከ መሬት ድረስ ታጭዶ ነጭ መስመር ይቀባል፣ ዝናብም ሲመጣ ይሸፈናል። ይህን የሚሠራ ተቀጣሪ ያላቸው ትንንሽ ክለቦች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሥራ ቀን ይጠራና ቀለም የሚቀባው ይቀባል፣ አጥር የሚጠግነው ይጠግናል። በዚያ ቀን ብሩሽ ይዘው የተገኙ እንደሆነ፣ ስለ ጨዋታው አንድም ነገር ሳያውቁ የክለቡ ሰው ይሆናሉ። ልጃቸውን መኪና ማቆሚያው ላይ አውርደው የሚሄዱ ወላጆች ግን፣ እንግሊዛዊም ሆኑ የውጭ ሰው፣ ከዓመታት በኋላም ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አያገኙም።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእርስዎ የምመክረው መዝገብ መያዝን ነው። ባለቤቴ ጨዋታውን የተማረችው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ዛሬ በክለባችን ከእርሷ የተሻለ መዝጋቢ የለም። ለእያንዳንዱ ኳስ አንድ ምልክት ይጻፋል፤ ነጥብ ያልተገኘበት ኳስ በነቁጥ፣ የተገኘበት ደግሞ በቁጥሩ ይመዘገባል። በአንድ ኦቨር ውስጥ ስድስቱም ኳሶች ያለ ነጥብ ካለፉ፣ ስድስቱ ነቁጦች በመስመር ተያይዘው የእንግሊዝኛውን ኤም ፊደል ይሠራሉ፤ ይህም የወርዋሪው ክብር ነው። ዳኛው ከሜዳ ሆኖ በእጁ ምልክት በሰጠ ቁጥር መዝጋቢው እጁን አንሥቶ ማየቱን ያረጋግጥለታል። የሁለቱ ቡድኖች መዝጋቢዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በየጊዜው ድምራቸውን ስለሚያመሳክሩ፣ ከማያውቁት መንደር ከመጣ ሰው ጋር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲጨዋወቱ ይውላሉ። እንግሊዝኛ ይከብደኛል ለሚል አዲስ መጤ ሰውም ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ዛሬ ብዙ ክለቦች በታብሌት ይመዘግባሉ፤ ቢሆንም የወረቀቱን እንዲያስተምሩዎት ይጠይቁ።

ስለ ምግብና መጠጥ በግልጽ አልጠየቁም፤ ነገር ግን የጾም ነገር በቤታችሁ ዋና እንደሆነ ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ። የመጀመሪያው ቡድን መትቶ ሲጨርስ ለሻይ ይቆማል። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ሊጎች እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ምግብ ይዞ እንዲመጣ አድርገዋል፤ በወዳጅነት ግጥሚያዎች ግን ሳንድዊችና ኬክ የሞላበት ጠረጴዛ አሁንም ይዘረጋል። የሚበዛው እንቁላል፣ አይብና ሥጋ ነው። ፍልሰታ ኦገስት ላይ፣ በውድድሩ ወቅት ይውላል፤ የልጆቹ ዓርብ ምሽትም ብዙ ጊዜ ሥጋ የሚጠበስበት ስለሆነ ለጿሚ ልጅ ያስቸግራል። እኛ በየተራችን የምስር ሳምቡሳ ይዘን መሄድ ጀመርን፤ ሥጋ የማይበሉት የሕንድ ተወላጆችና የሐላል ነገር ያሳሰባቸው ሙስሊም ተጫዋቾች ከሁሉም በፊት የሚያነሡት እርሱን ሆነ። አስቀድመው ለልጆቹ ምሽት አስተባባሪ ቢነግሩ ለልጅዎ የጾም በርገር ማዘጋጀት ለማንም ሸክም አይሆንም። በክለቡ ቤት ቢራ መሸጫ አለ፤ የክለቡም ገቢ በከፊል ከዚያ የሚገኝ ነው። 100 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ለቡድኑ አንድ ማሰሮ ቢራ የሚገዛበት ልማድ በብዙ ቦታ አለ፤ የማይጠጣ ሰው ግን ለስላሳውን ይዞ ከሁሉም ጋር ይቀመጣል፤ በእኛ ክለብ ስለዚህ የተጠየቀ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ኳሱ ልመለስ። የአዋቂዎቹ ኳስ ውስጡ ቡሽ፣ ውጩ ቆዳ ሆኖ ከ156 እስከ 163 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጠንካራ ስለሆነ ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ13 ዓመት በታች ያሉት ግን ከ133 እስከ 144 ግራም በሚመዝን አነስተኛ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጀማሪዎቹም መጀመሪያ በለስላሳ ኳስ ይለማመዳሉ። በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጠንካራውን ኳስ ሲመታ ፊቱን የሚከልል የራስ ቁር ማድረግ አለበት፤ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅም ኳስ ለመያዝ ሲሰለፍ፣ ከእንጨቶቹ ጀርባ ካሉ አንዳንድ ቦታዎች በቀር፣ ከመቺው ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዲቆም አይፈቀድለትም። ይህን የማያስከብር አሠልጣኝ ካዩ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ወጪውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከአባልነት ክፍያው ሌላ ብዙ አያወጡም። ባት፣ የእግር መከላከያ፣ ጓንትና የራስ ቁር ከክለቡ የጋራ ቦርሳ ይገኛሉ። የራሱ ብቻ ሊሆን የሚገባው የብልት መከላከያው ነው፤ እርሱም ርካሽ ነው። ባት ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ልጁ ባደገ ቁጥር መጠኑ ይቀየራል፣ የታላላቆቹ ያገለገለ ባትም በክለቡ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ክፍያው ከከበደ ለገንዘብ ያዡ በግል ይጻፉ፤ በክፍል በክፍል መክፈል የሚፈቅዱ ክለቦች ብዙ ናቸው።

ባይተዋርነትን በሚመለከት፣ የመንደሩ ሜዳ እርስዎ እንደሚገምቱት የተዘጋ አይደለም። በብዙ ቦታ ሜዳው ማንም የሚያልፍበት የጋራ ሣር ነው፤ በደቡብ ለንደን ሚቻም ውስጥ እንዲያውም ፓቪሊዮኑ፣ ማለትም የተጫዋቾቹ ማረፊያ ቤት፣ ከሜዳው ማዶ ስለሆነ መቺዎቹ የመኪና መንገድ ተሻግረው ነው የሚገቡት። በቡድኖቹ ውስጥም የፓኪስታን፣ የሕንድ፣ የስሪላንካና የካሪቢያን ተወላጆች ለብዙ ዓመታት ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በጥገኝነት የመጡ አፍጋናውያን ወጣቶች ብዙ ክለቦችን አበርትተዋል። ሐበሻ ላያገኙ ይችላሉ። የክለቡ ሰዎች ልጅዎን ልብ የሚሉት ግን አንዱን ኳስ በሁለት እጁ አጥብቆ በያዘ ቀን ነው፤ እኔ ባየኋቸው ልጆች ሁሉ ላይ ስሙ በሜዳው ሙሉ የሚጠራው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነበር። በልጅዎ ላይ የዘር ስድብ ቢሰነዘር ግን ዝም አይበሉ፤ ለሊቀመንበሩ በጽሑፍ ያቅርቡና በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ምሽት የልጆች ደኅንነት ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቀው ይተዋወቁት፤ ከልጆች ጋር የሚሠሩት አሠልጣኞች የወንጀል መዝገብ ምርመራ እንዳለፉም እርሱ ሊነግርዎት ይገባል። ልጁ የስፖርት ጫማ፣ የሚሞቅ ሹራብና ውኃ ይያዝ፤ በኤፕሪል ምሽት ሜዳው ይበርዳል። እርስዎም የሚታጠፍ ወንበር ይዘው ይምጡ፤ ቦታ ሲመርጡ ግን ከወርዋሪው ጀርባ፣ በመቺው ፊት ለፊት አይቀመጡ፤ ኳሱን እንዳያይ ስለሚጋርዱት ጨዋታው እርስዎ እስኪነሡ ይቆማል።