«ሳቤላውያን የእኛ ሳባውያን ናቸው ወይ?» ላልከው

ወንድሜ፣ በኋላ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር ጥያቄህን ላስታውስ። ጥንት ጣሊያን ውስጥ «ሳቤላውያን» የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፣ ጽሑፋቸውም እንደ የሓ ድንጋዮች ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ታዲያ ከሳባ ጋር ይዛመዳሉ ወይ? ካልሆነስ ቋንቋቸው የላቲን ልጅ ነው? መማር ብፈልግ ከየት ልጀምር? ነው ያልከው።

እኔ ምሁር አይደለሁም። ናፖሊ ውስጥ አንዲት እማማ አስታምማለሁ፤ የቤኔቬንቶ ሰው ናቸው። በተናደዱ ቁጥር «እኔ እኮ ሳምናዊት ነኝ!» ይላሉ፤ ሳምናውያን በዚያ አካባቢ የኖሩ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት፤ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልወጣሁም።

የሳባው ነገር አይሆንም፤ የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ሳባኛ ሴማዊ ነው። «ሳቤላዊ» ደግሞ የቋንቋ ሰዎች ለኦስካን፣ ለኡምብሪያንና ለቅርብ ዘመዶቻቸው የሰጡት የወል ስም ነው፤ ወገናቸው ከላቲንና ከግሪክ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉን የወሰዱት ከጥንት ጣሊያን ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከኤትሩስካውያን፣ እነሱ ከግሪኮች፣ ግሪኮቹ ከፊንቄያውያን ነው። ወደ ኋላ በጣም ከሄድክ የሳባ ፊደልና የእነሱ አንድ ቅድመ አያት ይኖራቸዋል፤ እሱ ግን ለላቲን ፊደልም ያው ነው። ድንጋዩ ላይ ልዩነቱን በዓይንህ ታያለህ፦ ሳባውያን ቃልን ከቃል የሚለዩት በቁም ሰረዝ ነው፣ ኦስካኖች በነጥብ።

የላቲን ልጅም አይደለም። አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው እየተባልን አድገን በኋላ የቋንቋ ምሁራን «ልጅ ሳይሆን እኅት ነው» ሲሉ እንደሰማነው፣ ኦስካንም የላቲን እኅት ነው፤ ያውም ራቅ ያለች እኅት። ሳምናውያን፣ ካምፓናውያንና ሉካናውያን የሚባሉ የደቡብ ጣሊያን ሕዝቦች ይናገሩት ነበር። ሮም ገና አንዲት ከተማ ሳለች ደቡብ ጣሊያን በአብዛኛው የእሱ ነበር።

መለያው አንድ ድምፅ ነው። ላቲን «ኩ» የሚልበት ቦታ ኦስካን «ፕ» ይላል። ላቲን ማን ለማለት «ኩዊስ»፣ ምን ለማለት «ኩዊድ» ሲል ኦስካኑ «ፒስ» እና «ፒድ» ነው። አምስት በላቲን «ኩዊንኩዌ» ነው፤ በእነዚህኞቹ በኩል ግን ሥሩ «ፖምፔ» ነው። ስለዚህ ሮማዊው ቤተሰብ ኩዊንክቲዩስ ሲባል የሳምናዊው ቤተሰብ ስም ጶንቲዩስ ይሆናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 በካውዲዩም ሸለቆ የሮምን ጦር ከቦ፣ መሣሪያውን አስፈትቶ፣ ወታደሩን አንድ በአንድ በጦር በተሠራ ቀንበር ሥር አጎንብሶ እንዲያልፍ ያደረገው የሳምናውያን አዛዥ ጋቪዩስ ጶንቲዩስ ይባላል።

ይህን ስም አንተም ታውቀዋለህ። «በጴንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን» እያልን በጸሎተ ሃይማኖት የምንደግመው እሱው ነው። ልጅ ሳለሁ ጴንጤ የሚባል አገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ስሙ ብቻውን ጲላጦስ የት እንደተወለደ አይነግረንም፤ የቤተሰቡ ስም ግን ሳምናዊ ነው። በደስታ ሮጬ ለእማማ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ፦ «ከስንቱ ሳምናዊ መርጠሽ ጲላጦስን አመጣሽልኝ?»

እንዴት ጠፋ? የሚለውን ባትጠይቅም እሱን ሳልናገር አላልፍም። ማንም በአዋጅ አልከለከለውም። በ180 ከክርስቶስ ልደት በፊት ናፖሊ አጠገብ ያለችው የኩማ ከተማ ሰዎች ራሳቸው ሮምን ጠየቁ፦ የአደባባይ ሥራችንን በላቲን እንድናደርግ ይፈቀድልን ብለው። (ልጆቼ በአማርኛ ስጠራቸው በጣሊያንኛ «መጣሁ» ሲሉኝ ይህቺ ነገር ትዝ ትለኛለች።) በ91 ደግሞ የጣሊያን ሕዝቦች «ለሮም እየሞትን ዜግነት እንዴት እንከለከላለን» ብለው አመፁ፤ የራሳቸውንም ገንዘብ መቱ። የአንዱን ብር ሳንቲም ፎቶ ፈልገህ እይ፦ ኮርማ ተኩላ ሲወጋ። ተኩላዋ ሮም ናት። ጽሑፉ በኦስካን «ቪቴሊዩ» ይላል፣ ኢጣሊያ ማለት ነው። በጦርነቱ ተሸነፉ፣ ዜግነቱን ግን አገኙ፤ ዜግነቱ ከነላቲኑ መጣ። በ82 የሮም ጦር አዛዥ ሱላ የተማረኩትን ሳምናውያን ሮም ውስጥ ሲያስፈጅ ነገሩ አለቀ።

ፖምፔ በምትባለው ከተማ ውስጥ የዚያ ጦርነት ድምፅ አለ። በ89 ሱላ ከተማዋን ሲከብብ ለተከላካዮቹ መንገድ የሚያሳይ ማስታወቂያ በቀይ ቀለም በየቤቱ ግድግዳ ጻፉ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ኤክሱክ አምቪያኑድ ኤይቱንስ አንቴር ቲዩሪ 12 ኢኒ ቬሩ ሳሪኑ ፑፍ ፋማት ማራስ አዲሪስ»። «በዚህ መንገድ ይሂዱ፤ በ12ኛው ግንብና በሳሪና በር መካከል፣ ማራስ አዲሪስ ወዳለበት» እንደማለት ነው። ስለ «ኤይቱንስ» ትርጉም ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ማራስ ነው፤ ሹመቱ አልተጻፈም፣ ስሙ በቂ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው።

ወደ መማሩ ልምጣ። መጀመሪያ ላቲን፤ እሱን የሚዘል መንገድ የለም። ቀጥሎ የባንቲያ ሰሌዳ፦ ናፖሊ ሙዚየም ያለ የነሐስ ሕግ ነው፣ ቋንቋው ኦስካን ሆኖ የተጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። ተረትና ግጥም ከፈለግህ ግን እርምህን አውጣ፤ የተረፈልን ሕግ፣ ስእለት፣ እርግማንና ድንበር ነው። ከሁሉ የምወደው የአቤላ ድንጋይ ነው፤ በ1745 እ.ኤ.አ. እስኪታወቅ ድረስ የበር መድረክ ሆኖ ይረገጥ ነበር፣ ዛሬ ኖላ ከተማ ይገኛል። ኖላና አቤላ በመካከላቸው ስላለው የሄርኩለስ ቤተ መቅደስ የተዋዋሉበት ነው፤ ግምጃ ቤቱን ሲከፍቱ «ሙኢኒካድ ታንጊኑድ» ይክፈቱ ይላል፣ በጋራ ውሳኔ ማለት ነው። የእድር ሣጥን ቁልፍ ለሁለት ሰው እንደሚሰጠው በለው።

ከዚያ በኋላ ወደ ራሳቸው ፊደል ስትገባ ተጠንቀቅ። የላቲኑን «ር» ገልብጦ የመሰለው «ድ» ነው፣ «ድ»ን የመሰለው ደግሞ «ር» ነው። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ፣ በር ማለት የሆነውን «ቬሩ» «ቬዱ» እያልኩ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልግ አንድ ወር ፈጅቻለሁ።